አሮጌ ኮርሳ ከመግዛታችሁ በፊት ካሊፐር ግዙ

ቁራሌው ጭኖት የሚያልፈው ዝገታም ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ርካሽ ነው። ኪስ የሚያራግፈው እሱን ለማስነሣት የሚገዛው የማይገጥም ዕቃ ነው። ዛሬ ጎማው ሰፋ፣ ነገ የመቀመጫው ቧንቧ ላላ፣ ከነገ ወዲያ የፔዳሉ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ተላጠ እየተባለ ከአያት ወይም ከለቡ መርካቶ ሲመላለሱ የታክሲው ሒሳብ ብቻ የብስክሌቱን ዋጋ ያክላል። ስለዚህ ከቁልፍም ከመዶሻም በፊት ካሊፐር (ውፍረትና የውስጥ ስፋት የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛን ካነበበ የፕላስቲኩም ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ እንግሊዝ፣ ጣልያንና ፈረንሳይ ብስክሌት የሚሠሩት በየራሳቸው ልክ ነበር። እዚህ የምታገኙት ደግሞ ቅልቅል ነው፤ ቴላዮው (ዋናው አካሉ) የፈረንሳዩ ፔዦ፣ የኋላ ጎማው ከእንግሊዙ ራሌ የተነቀለ፣ የመሪው አንገት ጣልያን ሊሆን ይችላል። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ስለሆነ (የጎማው እምብርት ሞዞ፣ ዙሪያ ክቡ ቸርኬ፣ የብሎን ማሰሪያው ዳዶ፣ ከሥሩ የሚገባው ቀለበት ሮንዴላ፣ ፊሌቶ) ብዙ ሰው ዕቃውም ሁሉ የጣልያን ልክ ይመስለዋል። አይደለም። ቧንቧው ላይ የተጻፈው ስም ፍንጭ ነው፤ የሚታመነው ካሊፐሩ ነው።

ሻጩ ፊት ቆማችሁ የምታዩት መጀመሪያ ቴላዮውን ነው። ጎማ፣ ካቴናና ፍሬን ይቀየራሉ፣ የተጣመመ ቴላዮ ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከመሪው ቧንቧ ኋላ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ላይ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቧንቧ ከሥር በጣታችሁ ዳብሱ። ጨርቅ እንደ ተሸበሸበ የሚሰማ ነገር ካለ ወይም ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ በቀለበት መልክ ከተሰነጠቀ፣ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል። ቀጥሎ ከጎን ቆማችሁ ፎርኩን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) እዩ፤ የመሪው ቧንቧ መስመር ሳይሰበር ወደ ፎርኩ የላይኛው ክፍል መውረድ አለበት፣ መታጠፍ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። ወደ ኋላ የገባ ፎርክ እግራችሁን ከፊት ጎማ ጋር ያጋጫል፣ መሪውንም ያቅበጠብጣል። በመጨረሻ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ የፔዳሉን ዘንግ ቤት (የፔዳል ክንዶቹ ዘንግ የሚያልፍበትን አግድም ቧንቧ) በቁልፍ መታ መታ አድርጉት። ውኃ ከመቀመጫው ቧንቧ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ድፍን ድምፅና የሚረግፍ ዝገት ካለ አትግዙት።

ዕድሜውን ለማወቅ የሻጩን ታሪክ መስማት አያስፈልግም። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ዕቃ ከተገጠመበት ከጀርባው ሁለት ፊደል ፈልጉ፤ የመጀመሪያው ዓመቱ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ኤ ከሆነ 1976፣ ቢ ከሆነ 1977 እያለ ይቀጥላል፤ ስለዚህ «ኤች ሲ» ማለት መጋቢት 1983 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ባለሦስት ማርሽ ሞዞ ደግሞ ወሩንና የዓመቱን ሁለት አኃዝ ራሱ ላይ አስቀርጾ ይመጣል። ዕቃ ስለሚለዋወጥ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ፣ ሁለት ሦስቱ ሲስማሙ ግን እርግጥ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ከአሥር አሮጌ ኮርሳ ውስጥ ብዙዎቹ ላይ የመቀመጫው ዘንግ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ዘንጉ አልሙኒየም፣ ቴላዮው ብረት ነው፤ በመካከላቸው የክረምት ውኃ ሲገባ አልሙኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ይሠራል፣ ዱቄቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንደ ሽብልቅ ይነክሳል። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳት ነው። ተዉት። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ዘንጉ ይብስ ይጠብቃል፤ ቀለማችሁም ይነድዳል። ይልቅ የማሰሪያውን ብሎን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ የፔዳሉን ዘንግ ንቀሉ፣ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ በፔዳሉ ዘንግ ቤት በኩል ዘይት ወደ መቀመጫው ቧንቧ አፍስሱ። ጥሩ ማላቀቂያ ከፈለጋችሁ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ ሁለቱ ስለማይዋሐዱ ከማፍሰሳችሁ በፊት በደንብ በጥብጡት፣ ከቀለሙም አርቁት፣ አሴቶኑ ይልጣል። ሁለት ቀን ይደር። ከዚያ የመቀመጫውን ዘንግ ጫፍ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ የብረት መንጋጋ) ውስጥ አስራችሁ ቴላዮውን ራሱን እንደ ማንሻ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩ። አትጎትቱ፣ አዙሩ። ሞርሳው ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የታሰረ መሆን አለበት፤ ጠረጴዛውም ከባድ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ዘንጉን ከቴላዮው በላይ 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና በብረት መጋዝ ምላጭ ከውስጥ በኩል በቁመቱ ሰንጥቁት። ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ቴላዮው ላይ ስትደርሱ የድምፁ ቅላጼ ይለወጣል፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየሙን ብቻ በልቶ ብረቱን እንደሚተው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ ዐይን ያጠፋል፣ ቀለምም ይልጣል። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ አታስቡት።

ከወጣ በኋላ የቧንቧውን የውስጥ ስፋት ለኩ። ዘንጎች የሚሸጡት በ0.2 ሚሜ ልዩነት ነው፦ 26.4፣ 26.6፣ 26.8፣ 27.0፣ 27.2። ሬይኖልድስ 531 ከሚባለው ቀጭን የእንግሊዝ ቧንቧ የተሠሩት ብዙ ጊዜ 27.2 ይቀበላሉ፤ ተራ ወፍራም ቧንቧ ያላቸው ከዚያ ያንሳሉ። 27.2 የሚፈልግ ቴላዮ ላይ 27.0 ከገባ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጣችሁ አንድ ዙር ጠቅልሉበት፤ ቆርቆሮው 0.1 ሚሜ ገደማ ስለሆነ በሁለት ጎን 0.2 ይሞላል። 26.8 ከሆነ ግን ሁለት ዙር አትጠቅልሉ፣ ይንሸራተታል፤ ትክክለኛውን ፈልጉ ወይም ቶርኖ ቤት ከወፍራም ዘንግ አስቆርጡ። ስትመልሱት ግራሶ ቀቡት፣ ቢያንስ 6.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።

የፔዳሉ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው ነው የሚሸነፈው። መጀመሪያ የዘንጉን ቤት ወርድ ለኩ። 70 ሚሜ ከሆነ ጣልያን ነው፣ ሁለቱም ሳህኖች (የኩሽኔታው ብዮች፣ ማለትም የብረት ኳሶቹ፣ የሚያርፉባቸው ጎድጓዳ ክዳኖች) እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። 68 ከሆነ እንግሊዝ ወይም ፈረንሳይ ነው። የፈረንሳዩ ሁለቱም ወደ ግራ ይፈታሉ፤ የእንግሊዙ ግን በኮሮናው በኩል ያለው ሳህን ፊሌቶው የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። (ኮሮና የምለው የፊቱን ትልቅ ጥርስ ነው፤ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ስሙ የጋራዥ ነበር።) አንዳንድ የራሌ ሥራዎች 71 ሚሜ ወይም 76 ሚሜ ወርድና ከሌላው ዓለም የቀጠነ ፊሌቶ አላቸው፤ እነዚህ ላይ የራሳቸውን ሳህን አጥባችሁ መልሱ እንጂ ምትክ አትፈልጉ።

የእንግሊዙ የቀኝ ሳህን በቁልፍ እንቢ ሲል ጥሩ መላ አለ። የግራውን ሳህንና ዘንጉን አውጡ። 16 ሚሜ ውፍረት ያለው ብሎን፣ ዳዶና ሁለት ወፍራም ሮንዴላ ያዙ። ብሎኑን ከውስጥ በኩል በሳህኑ ቀዳዳ አሳልፉ፣ ውጭ ሮንዴላና ዳዶ አድርጉ፣ የብሎኑን ራስ በግራ በኩል በገባ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን ወደ ቀኝ አጥብቁ። ብሎኑ ሳህኑን ቆንጥጦ ከያዘ በኋላ የውስጡን ቁልፍ ልቀቁና ዳዶውን ማጥበቅ ቀጥሉ። ማጥበቁና መፍታቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሳህኑ አብሮ ዞሮ ይወጣል። ጣልያንና ፈረንሳይ ላይ ይህ መላ አይሠራም፣ እዚያ ማጥበቅ ማጥበቅ ነው።

የተፈታውን ሁሉ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ ቤንዚን አያስፈልግም። አሮጌ ግራሶ ጭቃ ሆኖ ብዮቹን ደብቆ ስለሚይዝ ስትቆጥሩ እንዳታጎድሉ። ለፔዳሉ ዘንግ በእያንዳንዱ ጎን 11 ባለ ¼ ኢንች ብይ፣ ለኋላ ሞዞ በጎን 9 ባለ ¼፣ ለፊት ሞዞ በጎን 10 ባለ 3/16 ነው የተለመደው። ብዮቹን ሁሉ ቀይሩ፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፣ ትንሽ የሚተልቀው ሸክሙን ሁሉ ይሸከማል። ሳህኑና ኮኑ (ዘንጉ ላይ ያለው የብዮቹ ማረፊያ) ላይ ግን ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ብይ አያድነውም።

ለመሪው ኩሽኔታ ግን የተለየ ዕድል አለ። መሪው ቀጥ ሲል «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ ብዮቹ ሳህኑ ላይ ጎድጓዳ ሠርተዋል። ብዮቹ በቀፎ የታሰሩ ከሆነ ቀፎውን ጣሉና በልቅ ብይ ሙሉት፤ ቁጥራቸው ስለሚጨምር አሮጌው ጎድጓዳ ላይ እኩል አያርፉም፣ «ቀጭ» የሚለውም ይጠፋል። ሁለት ሦስት ዓመት ያስኬዳል።

አሮጌዎቹ ላይ የፔዳሉ ክንድ በብሎን ሳይሆን በሽብልቅ ፒን ነው የሚታሰረው። ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ፍቱ፣ ክንዱን ከሥሩ በብረት ቧንቧ መሬት አስደግፉ፣ ከዚያ አንዴ በከባድ መዶሻ ምቱ። ሳይደገፍ በትንሽ መዶሻ አሥር ጊዜ መምታት ፒኑን ያጣምማል፣ የኩሽኔታውንም ሳህን ይበሳል። የእንግሊዙ ፒን 9.5 ሚሜ ነው፤ ሌሎች የቀጠኑ አሉና የወጣውን ይዛችሁ ሂዱ። ስትመልሱ ሁለቱ ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይግቡ፣ አለዚያ ፔዳሎቹ ቀጥ ብለው አይተያዩም።

ዝገቱን እንዴት እናውጣ ለሚለው፣ ለትናንሽ የብረት ዕቃ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በቂ ነው። በየሰዓቱ እያያችሁ፣ ሲያነጣ አውጡ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ፤ አሥር ደቂቃ ከዘገያችሁ ብርቱካናማ ይሆናል። ካቴና፣ ስፕሪንግና የኩሽኔታ ብይ እዚያ ውስጥ አታስገቡ፤ አሲድ ጠንካራ ብረትን ያሰባብራል። አልሙኒየምንም ያጠቁራል። ኒኬልና ክሮም የተቀባው ላይ የተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይል በውኃ ነክራችሁ ፈትጉ፣ ክሮሙ ሳይቧጨር ዝገቱ ይነሣል።

ቀለምን በተመለከተ አቋሜ አይለወጥም፦ ቴላዮው ላይ ከግማሽ በላይ የፋብሪካው ቀለም ካለ አትቀቡት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቀለም የሚቀባ ሞልቷል፤ የ1970ዎቹን የፔዦ ጽሑፍ መልሶ የሚያመጣ የለም። የዛገውን ቦታ ብቻ በ240 ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ አንቲረስት ንኩት፣ ቀሪውን በመኪና ሰም ወልውሉ። መቀባት ግድ ከሆነ የውስጥ ፊሌቶዎችን ሁሉ በጨርቅና በፕላስተር ድፈኑ፣ በ120 ከዚያ በ240 ፈትጉ፣ አንቲረስት ሁለት ስስ ዙር፣ በ400 እርጥብ ፍተጋ፣ ከዚያ ቀለም። ስቱኮ የሚሞላ ቀቢ ካያችሁ ከልክሉት፤ የመኪና ላሜራ አይደለም፣ የቧንቧው መገጣጠሚያ ጌጥ በስቱኮ ይጠፋል። አንድ የቁጠባ መንገድ፦ ሠፈራችሁ ያለው ጋራዥ መኪና በምትወዱት ቀለም ሊቀባ ሲል ጠይቁ፤ ለአንድ ቴላዮ የሚበቃው ቀለም ጥቂት ስለሆነ ከተረፈው ይሠራላችኋል።

የጎማ ልክ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነው። ጎማው ጎን ላይ ካለው «28» ወይም «27» ይልቅ በስተመጨረሻ የተጻፈውን ሦስት አኃዝ አንብቡ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው። አሮጌ ኮርሳና ቱሪንግ (የረጅም ጉዞ ብስክሌት) 27 ኢንች ከሆነ 630 ነው። ዘመናዊው 622 ነው። ከባዱ የሕንድና የቻይና ባለ 28 × 1½ ደግሞ 635። «28» የሚል ጎማ 622ም 635ም ሊሆን ስለሚችል ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ 635 የ630 ቸርኬ ላይ ይገባል፣ አየር ሲሞላ ግን ይዘላል። 630 ጎማ እዚህ ማግኘት ስለሚከብድ የኔ ምክር በ622 አልሙኒየም ቸርኬ ማስቀየር ነው። የፍሬኑ ጎማ በ4 ሚሜ ዝቅ ማለት አለበት፤ አብዛኛው አሮጌ ፍሬን ያን ያህል ማውረጃ ስንጥቅ አለው፣ ሆኖም ቸርኬውን ከማዘዛችሁ በፊት ለኩት። ትርፉ ሁለት ነው፦ ለሰፊ ጎማና ለፓራፋንጎ ቦታ ታገኛላችሁ፣ የለቡና የኮዬ ፈጬ ዋልካ እዚያ ይገባል፤ በሐምሌ ዝናብ ደግሞ የብረት ቸርኬ ፍሬን እንደማይዝ የሞከረው ያውቃል።

ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዞውን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። አሮጌ እንግሊዞች ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ነበሩ፤ 36 ቸርኬ ለሁለቱም አይሆንም። ሌላው፣ የአሮጌውን ቸርኬ ሽቦዎች ከመቁረጣችሁ በፊት ፍሪዊሉን (ሞዞው ላይ የሚጠመዘዘውን የኋላ ጥርሶች ስብስብ) አውጡ። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ጎማውን ራሱን እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ አዙሩ፤ ሽቦዎቹ ከተቆረጡ በኋላ የምትይዙት ነገር አይኖርም፣ ሞዞውም ፍሪዊሉም ተጣብቀው ይቀራሉ።

ማርሹን ለአዲስ አበባ ማስተካከል የግድ ነው። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ባለ 52 እና ባለ 42 ጥርስ ኮሮና፣ ከኋላ ከ14 እስከ 24 ጥርስ ፒኞን ያደርግ ነበር፤ ለሜዳ ነው የተሠራው። በ42 ለ24 አንድ ዙር ፔዳል 3.7 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ 3,000ን አልፎ በእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ለሚሻገር ሰው ጉልበት መቁረጥ ነው። ርካሹ መፍትሔ ከተራ ማውንቴን ብስክሌት የሚገኘው ባለ 14–28 ፍሪዊል ነው፤ በ42 ወደ 3.2 ሜትር ያወርደዋል። ከፊት 34 ከተገኘ 2.6 ሜትር ይሆናል፣ ያኔ ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ። ግን ኮሮናው የሚታሰርበትን የብሎኖች ክብ ለኩ፦ 144 ሚሜ ከሆነ ከ41 ጥርስ በታች አይገባበትም፣ 130 ከሆነ 38፣ 110 ከሆነ 34 ድረስ ይወርዳል። ወደ ሰንዳፋ ሜዳውን ብቻ የምትነዱ ከሆነ ፍሪዊሉን መቀየር ይበቃችኋል።

የፈረንሳይ ሞዞ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የፍሪዊል ፊሌቶው 34.7 ሚሜ ስለሆነ የእንግሊዝ ልክ ያለው አዲሱ ፍሪዊል ልል ብሎ በቀላሉ ይገባል፤ ደስ ይላችኋል፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ፊሌቶውን ልጦ ይሽከረከራል። ፔዳሉም እንዲሁ፤ የፈረንሳዩ 14 ሚሜ፣ የሌላው 9/16 ኢንች ነው፣ ልዩነቱ በዐይን አይታይም። በእጅ ቢያንስ አራት ዙር ያልገባ ፔዳል ቁልፍ አይነካውም። የግራው ፔዳል ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው።

ባለ 5 ፍሪዊል የነበረው ቴላዮ የኋላ ጆሮዎቹ (የጎማው ዘንግ የሚገባባቸው) መካከል 120 ሚሜ ነው፤ ባለ 6 እና 7 ደግሞ 126 ይፈልጋል። ብረት ከሆነ ብቻ ይከፈታል። 10 ሚሜ ባለ ረጅም ፊሌቶ ዘንግ፣ አራት ዳዶና ሮንዴላ አድርጋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ በቀስ ግፉ። ብረት ስለሚመለስ ከ126 አልፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ 5 ሚሜ ግፉ፣ ፍቱ፣ ለኩ፣ ድገሙ። ከዚያ ሲባጎ ከአንዱ ጆሮ በመሪው ቧንቧ ዞሮ ወደ ሌላው ጆሮ ወጥራችሁ ከመቀመጫው ቧንቧ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለኩ። ከ1 ሚሜ በላይ ከተለያየ ያልተነቃነቀውን ጎን ብቻ ለይታችሁ ግፉ። ሁለቱ እኩል ይከፈታሉ ብላችሁ አትመኑ፣ ሁልጊዜ አንዱ ይለግማል።

ለኮብልስቶን ከ32 ሚሜ የቀጠነ ጎማ አታድርጉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከኋላ 4.5፣ ከፊት 3.8 ባር የአየር ግፊት ይበቃል። አሮጌው ቸርኬ ከንፈሩ ቀጥ ያለ፣ ጎማ የሚይዝ ጠርዝ የሌለው ከሆነ ከ5 ባር አትለፉ። ቀጭኑን የአውሮፓ ቫልቭ የመንገዱ ጎሚስታ ስለማይሞላው የናስ ማገናኛ ሁለት ገዝታችሁ አንዱን መቀመጫው ሥር እሰሩ፤ አለዚያ የቸርኬውን ቀዳዳ ከ6.5 ወደ 8.5 ሚሜ አስፍታችሁ የመኪና ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ አድርጉ። ጎሚስታው ጋ ስትቆሙ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ለሲኖትራክ የተዘጋጀ መሆኑን አስታውሱት፤ የኮርሳ ከመነዳሪ በሁለት ሰከንድ ይፈነዳል። «ነካ አድርገህ ልቀቅ» በሉት፣ በየመሀሉ በጣታችሁ ጫኑ፣ የመጨረሻውን በእጅ ፓምፕ ጨርሱ።

ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትር በኋላ የፔዳሉን ክንድ ብሎን ወይም የሽብልቅ ፒኑን ዳዶ እንደገና አጥብቁ፣ የመሪውን ኩሽኔታ ፊት ፍሬን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ እየነቀነቃችሁ አዳምጡ፣ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንዱን ጨብጣችሁ የላላውን ፈልጉ። አዲስ የፍሬን ካቦ በዚህ ርቀት ስለሚላላ እሱንም ሳቡት።